ጀልባ ስንት ትችላለች? ከመስጂዳችን ሳፋ እስከ ቀይ ባሕር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በአላህ ስም እጠይቃችኋለሁ። መጨረሻው ላይ የሰው ነፍስ አለበትና።

ባለፈው ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን ግቢ ለሚቀሩት ልጆች አንድ ውድድር አዘጋጀን። ለእያንዳንዱ ቡድን ርዝመቱም ወርዱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ፎይል ሰጠን። ትእዛዙ አጭር ነበር። "ከዚህ ፎይል ጀልባ ሥሩ፤ ሳትሰምጥ ብዙ ጠጠር የተሸከመች ጀልባ ታሸንፋለች" አልናቸው። ውኃ የሞላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተዋስን።

አንዱ ቡድን ፊቷ ሹል የሆነች፣ ፊልም ላይ እንደምናያት ዓይነት የምታምር ጀልባ ሠራ። ቀድማ የሰመጠችው እሷ ነበረች። ሌላው ቡድን እንደ ጆግ ጠባብና ጥልቅ አደረጋት፤ ጥቂት ጠጠር እንደገባባት በጎኗ ተኛች። ሦስተኞቹ እንደ ትሪ ዘረጓት፤ ግድግዳዋ አጭር ስለነበር ውኃው ወዲያው ገባባት። ያሸነፉት ምንም የማታምር፣ እንደ ካርቶን ሳጥን ያለች ሰፊ ጀልባ የሠሩት ናቸው።

ይህን ሁሉ ከጥግ ሆኖ የሚያይ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ አንድ የሰፈራችን ወጣት ነበር። ከመግሪብ በኋላ ቀረብ ብሎ "ኡስታዝ፣ ዱዓ አድርግልኝ። በባሕር ልወጣ ነው" አለኝ። ፊቴ ሲለወጥ አይቶ ቶሎ ጨመረበት፦ "ሰሓቦችም በዚሁ ባሕር ተሻግረው የለ?"

በዚያ ምሽት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ ለእሱና እንደ እሱ ለሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች የዘገየ መልሴ ነው።

1. የሳፋው ሒሳብ

ውኃ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የተወሰነ ውኃ ገፍቶ ቦታ ይይዛል። ውኃውም የተገፋውን ውኃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይደግፈዋል። ይህን ሕግ በጽሑፍ ያስቀመጠው ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) መወለድ በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ ከተማ የኖረው አርኪሜድስ ነው። ብረት ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰምጣል፤ ያው ብረት ውስጡ ክፍት ሆኖ ሲሠራ ግን ብዙ ውኃ ስለሚገፋ ይንሳፈፋል።

ወደ ልጆቻችን ፎይል እንመለስ። አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውኃ 1 ግራም ይመዝናል። ፎይሉ በአራቱም ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ቢታጠፍ ወለሉ 26 በ26 ይሆናል፤ እስከ አፏ ድረስ የምትገፋው ውኃ 1,352 ግራም ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ቢታጠፍ ወለሉ 10 በ10 ብቻ ይቀርና 1,000 ግራም ይሆናል። 5 ሳንቲ ሜትር ቢታጠፍ ግን ወለሉ 20 በ20፣ ጥልቀቱ 5 ስለሚሆን 2,000 ግራም ይሞላል። ከዚያ በላይ ቢታጠፍም፣ ከዚያ በታች ቢታጠፍም ይቀንሳል። እንግዲህ ምርጧ ጀልባ የፎይሉን ጎን አንድ ስድስተኛ ለግድግዳ የምትሰጥ ናት።

ልብ በሉ፤ ያች ጀልባ የፎይሉን የራሱን ክብደት ጨምሮ "2 ኪሎ ትችላለች" ማለት 2 ኪሎ ሲሞላባት የውኃው ወለልና የግድግዳዋ አፍ እኩል ናቸው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ልጅ እፍ ቢልባት ትሰምጣለች። ብልህ ሠሪ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ከውኃው በላይ ይተዋል። ይህን ሲያደርግ ጭነቷ ወደ 1,600 ግራም ይወርዳል። ያልተጫነው 400 ግራም ባዶ ቦታ መስሎ ይታያል፤ ጀልባዋን በሕይወት የሚያቆያት ግን እሱ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ እሷ ላይ ነው።

2. በሚዛን የተራቀቁት ዑለማዎቻችን

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ዕውቀት ከግሪኮች ተቀብለው በተግባር አሳደጉት። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (973–1048 እ.ኤ.አ) ማዕድን ወይም የከበረ ድንጋይ ውኃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ተርፎ የሚፈሰውን ውኃ በጥንቃቄ እየመዘነ የወርቅን፣ የብርን፣ የያቁትንና የሌሎችንም ክብደት ከመጠናቸው ጋር አነጻጸረ።

ከእሱ በኋላ አል-ኻዚኒ መጣ። አል-ኻዚኒ ትውልዱ ከሩም የሆነ ባሪያ ነበር። በመርው ከተማ አሳዳሪው አስተማረው፤ ነጻም ወጣ፤ ከዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንትም አንዱ ሆነ። በ515 ዓ.ሂ ገደማ "ሚዛኑል ሒክማ" ማለትም "የጥበብ ሚዛን" የተሰኘ መጽሐፉን ጻፈ። በውስጡም አየር ላይና ውኃ ውስጥ የሚመዝን፣ ወርቅ ከሌላ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነ የሚያጋልጥ ሚዛን ገለጸ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? ገበያ ላይ ሰው እንዳይታለል ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ረሕማን ሚዛንን እንዳናጎድል አዞናል። ለእነዚህ ሰዎች የውኃ ሳይንስና አማና አንድ መንገድ ነበሩ።

3. የጣና ታንኳ

ወደ አገራችን እንምጣ። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችን ከደንገል ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ ይታወቃሉ። ታንኳ እንደ ፎይሉ ጀልባ በግድግዳዋ አይደለም የምትንሳፈፈው። የደንገሉ ውስጥ አየር የያዘ ስለሆነ ቁሱ ራሱ ከውኃ ይቀላል። ስለዚህ ውኃ ከላይ ቢረጭባትም ወዲያው አትሰምጥም።

ነገር ግን ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ታንኳዋ ስትከብድ የምትሸከመው ጭነት ይቀንሳል። ባለታንኳው ሐይቁ ዳር አውጥቶ ያደርቃታል፤ ስታረጅም በአዲስ ይተካታል። ትናንት እንጨት የተሸከመችለት ታንኳ ዛሬ ያንኑ ያህል እንደማትችል ያውቃል። ማንም መሐንዲስ ሳያስተምረው የታንኳውን ልክ ያውቃል፤ ልኳንም ያከብራል።

4. በዓይዛብ ወደብ ኢብን ጁበይር ያየው

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንውጣ። በ579 ዓ.ሂ (1183 እ.ኤ.አ) የአንዳሉሱ ኢብን ጁበይር ለሐጅ ጉዞ ከግብፅ ተነስቶ በስተ ምዕራብ ባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ዓይዛብ ወደብ ደረሰ። ከዚያ ወደ ጅዳ የሚያሻግሩት ጀልባዎች "ጀልባ" ወይም በብዙ ቁጥር "ጂላብ" ይባሉ ነበር። አዎ፣ እኛ በአማርኛ "ጀልባ" የምንለው ቃል ከዚህ ባሕር ቃል ጋር አንድ ነው።

ኢብን ጁበይር አሠራራቸውን በጥንቃቄ መዝግቧል። አንድም ምስማር የለባቸውም። ሳንቃዎቹ ከኮኮናት ፍሬ ልባስ ተቀጥቅጦ በሚወጣ ቃጫ የተሰፉ ናቸው። ክፍተታቸው በተምር ዛፍ እንጨት ስንጣሪ ይደፈናል፤ ከዚያም በቅቤ፣ በጉሎ ዘይት ወይም ከሁሉ በሚበልጠው በሻርክ ዘይት ይቀባሉ። ዓላማው እንጨቱ ለስልሶ በባሕሩ ውስጥ ከሞላው ድንጋይ ጋር ሲጋጭ እንዳይሰበር ነው። ሸራቸውም ከዛፍ ቅጠል የተሸመነ ነበር።

ሥራው ጥበበኛ ነበር፤ ክፉው የባለቤቶቹ ስስት ነው። ኢብን ጁበይር እንደሚነግረን፣ ሐጃጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያጭቋቸው ነበር፤ የዶሮ ቆጥ እስኪመስል ድረስ። የጀልባዋን ዋጋ በአንድ ጉዞ ለመመለስ ነበር ይህን የሚያደርጉት። ከዚያ በኋላ ባሕሩ የፈለገውን ቢያደርጋት ግድ የላቸውም። በመካከላቸው የሚነገር አንድ አባባልም ነበር፤ ትርጉሙ "ሳንቃው የእኛ ኃላፊነት ነው፣ ነፍሱ የሐጃጁ ጉዳይ ነው" የሚል ነው። ኢብን ጁበይር በዚህ በጣም ተቆጥቶ፣ መቀጣት ከሚገባቸው የአላህ አገሮች መካከል ይህች ቀዳሚዋ ናት እስከማለት ደርሷል።

ወንድሜ፣ ይህ ከ800 ዓመት በፊት ነው። አሁን የምትሰማው የደላላ ንግግር ከዚህ በምን ይለያል?

5. ሙሕተሲብ ወደቡ ላይ

ዲናችን ይህን በዝምታ አላለፈውም። የበግዳዱ ቃዲ ኢማም አል-ማወርዲ (ረሒመሁላህ)፣ በ450 ዓ.ሂ (1058 እ.ኤ.አ) የሞቱት፣ "አል-አሕካሙ ሱልጣኒያ" በተሰኘው ኪታባቸው የሙሕተሲብን ሥራ ሲዘረዝሩ መርከብንም አንስተዋል። ሙሕተሲብ ማለት በገበያና በአደባባይ ደግ ነገር እንዲሠራ፣ ክፉው እንዲቀር የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ነው። በእሳቸው ዝርዝር መሠረት ሙሕተሲቡ የመርከብ ባለቤቶችን ከአቅሟ በላይ፣ መስመጧ እስኪያሰጋ ድረስ እንዳይጭኑ ይከለክላል። ነፋስ በበረታ ጊዜም እንዳይነሱ ያግዳቸዋል።

ከእሳቸውም ቀደም ብሎ፣ በ310 ዓ.ሂ (923 እ.ኤ.አ) የሞቱት ሙሐመድ ኢብን ዑመር አል-ኪናኒ የተባሉ ዓሊም ስለ መርከብ ኪራይና በተሳፋሪና በባለመርከብ መካከል ስለሚነሳ ክርክር ራሱን የቻለ ኪታብ አዘጋጅተዋል። በማዕበል ጊዜ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል ኪሳራውን ማን ይካፈላል የሚለው ሳይቀር ተብራርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በፍትሕ እንናገር። ሁሉንም እኛ ጀመርነው ማለት አይገባም። የቬኒስ ሰዎችም በመካከለኛው ዘመን በመርከብ ጎን ላይ የጭነት ልክ ምልክት ያደርጉ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የምክር ቤት አባል፣ ከልክ በላይ የተጫኑና ኢንሹራንስ የተገባላቸው መርከቦች መርከበኞችን ይዘው ሲሰምጡ አይቶ ለዓመታት ታግሏል። በ1876 እ.ኤ.አ በመርከብ ጎን ላይ የጭነት መስመር እንዲሰመር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን መስመሩን የት እንደሚያሰምር ለባለመርከቡ ትቶለት ነበር፤ ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890 ነው። ስስት ሕግ ውስጥም ቀዳዳ ይፈልጋል። ዛሬ ትልልቅ የንግድ መርከቦች ጎናቸው ላይ ክብና መስመር የምታዩባቸው ለዚህ ነው። መስመሩ ከውኃ በታች ከገባ መርከቧ ከልኳ በላይ ተጭናለች ማለት ነው።

6. የተጨናነቀችው መርከብ

ከመርከብ ጭነት ጋር የተያያዘ ታሪክ በቁርኣንም አለ። በሱረቱ አስ-ሷፋት ነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ) የገቡባት መርከብ በተሞላች፣ በተጨናነቀች መርከብነት ተገልጻለች። ከዚያም ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም በእሳቸው ላይ ወጣ። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት ተሳፋሪዎቹ መርከቧ እንዳትሰምጥ ሸክሟን ለማቅለል ነበር ዕጣ የጣሉት።

ታዲያ እኛ ይህን ማድረግ እንችላለን? ኢማም አል-ቁርጡቢ በተፍሲራቸው፣ ሰውን በዕጣ ወደ ባሕር መጣል በሸሪዓችን እንደማይፈቀድና ያ ጉዳይ ለነቢዩ ዩኑስ የተለየ እንደነበር ያስረዳሉ። ፉቀሃዎች ያስቀመጡት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መርከቧ ልትሰምጥ ከሆነ ሰውን ለማዳን ዕቃ ይጣላል፤ ዕቃው ካልበቃ እንስሳ ይጣላል። ሰው ግን ሌላውን ለማዳን አይጣልም። የነፍስ ክብር ይህን ያህል ነው። የዛሬዎቹ አሻጋሪዎች ግን የጥበቃ ጀልባ ሲያዩ ወይም መመለስ ሲቸኩሉ ወጣቶቻችንን ገና ከባሕሩ ዳር ሳይደርሱ በግድ ወደ ውኃ የወረወሩባቸው ጊዜያት አሉ።

7. "ሰሓቦችም ተሻግረዋል"

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ መጣን። እውነት ነው፤ ሰሓቦች (ረ.ዐ) ተሻግረዋል። በነቢይነት በአምስተኛው ዓመት በረጀብ ወር፣ በ615 እ.ኤ.አ ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ በድብቅ ወጥተው ሹዐይባ ወደብ ደረሱ። የሲራ ጸሐፊዎች 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ ይጠቅሳሉ። ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች እስከ ባሕሩ ዳር ቢከተሏቸውም አልደረሱባቸውም።

አወዳድሩት። 15 ገደማ ሰው፣ ሁለት መርከብ። መርከቦቹ በዚያ ባሕር ሲመላለሱ የኖሩ የንግድ መርከቦች ናቸው። የሚሄዱበት አገር ታውቆ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነግረዋቸዋል። የሚሸሹትም በዲናቸው ምክንያት የሚደርስባቸውን ስቃይ ነው።

ሲመለሱስ? በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና አብረዋቸው የነበሩት ነጃሺ ባዘጋጀላቸው ሁለት መርከቦች ተሳፍረው በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሱ። ከእነሱ መካከል የነበረችው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ዑመር (ረ.ዐ) "በሂጅራ ቀደምናችሁ" ባሏት ጊዜ ተቆጥታ ጉዳዩን ለነቢዩ አቀረበች። እሳቸውም ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሰሯት። የሐበሻ ምድር በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ተሸሽጎ የዳነባት፣ በሰላም ተሸኝቶ የተመለሰባት ምድር ናት።

ሰሓቦች ባሕርን እንደ ቀላል ነገር አላዩትም። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) በባሕር መዝመት ሲጠይቁ ዑመር (ረ.ዐ) ለሙስሊሞች ነፍስ ፈርተው ከልክለዋል። በኋላ ዑሥማን (ረ.ዐ) ሲፈቅዱ፣ ወዶ የሄደ ይሂድ እንጂ ማንም እንዳይገደድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። ዑለማዎችም ባሕሩ ሲናወጥና የመጥፋት ስጋቱ ሲያመዝን መሳፈር እንደማይፈቀድ ተናግረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልህን እሰርና ተወከል ያሉትን ሁላችንም እናውቃለን። ከልኳ በላይ በተጫነች ጀልባ ላይ ወጥቶ "ተወኩል" ማለት ግመሉን ፈትቶ መልቀቅ ነው።

8. የዛሬዋ ጀልባ

ዛሬ ከኦቦክና ከቦሳሶ ዳርቻ ወደ የመን የሚነሱት ጀልባዎች ምን ያህል ይጭናሉ? በሰኔ 2016 ዓ.ል መጀመሪያ ከቦሳሶ ተነስታ በየመን ሸብዋ አቅራቢያ የተገለበጠችው ጀልባ 260 ያህል ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን ይዛ እንደነበር ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ 49 ሰዎች መሞታቸው ተረጋገጠ፤ 140 ደግሞ የገቡበት አልታወቀም ነበር። አላህ ይማራቸው፤ በውኃ የሞተ ሙስሊም የሸሂድ ምንዳ እንዳለው በሐዲሥ ተነግሯልና አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ይህ ቃል ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ እንጂ ለሚነሳ ሰው ቲኬት አይደለም።

የሳፋውን ሒሳብ እዚህ እንጠቀምበት። 12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ ያላት፣ ለቀላል ስሌት አራት ማዕዘን አድርገን የያዝናት ጀልባ እናስብ። በባሕር ውኃ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እንድትወርድ 370 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ይህ የስድስት ሰው ክብደት ነው። ከልኳ በላይ 100 ሰው ቢጨመርባት 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ጫፎቿ የጠበቡ እውነተኛ ጀልባ ደግሞ ከዚህም በላይ ትወርዳለች። ያ 16 ሳንቲ ሜትር ማዕበል እንዳይገባ የሚከለክለው ግድግዳ ነበር።

ከዚህም የከፋ አለ። ጠጠር በተቀመጠበት ይቆያል፤ ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። መብራት ሲታይ ወይም ማዕበል ሲረጭ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይጋፋል። የቆመ ሰው ክብደቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ጀልባዋም እንደዚያች ጆግ መሳይ ጀልባ በጎኗ ትተኛለች። የገባው ውኃም ሁልጊዜ ወደ ዘመመው ጎን ይሮጣል፤ መዝመሟን ያብሰዋል። መገልበጥ የደቂቃዎች ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ ዋናተኛ መሆን ብዙም አይረዳም፤ ሌሊት ነው፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ይያያዛል።

ለደላላው ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ለእሱ ተጨማሪ ብር ነው። የዓይዛብ ሰዎች ቢያንስ ለሳንቃው ኃላፊነት ነበራቸው። የዛሬው ደላላ ጀልባዋ ላይ እንኳ አይሳፈርም።

መልእክቴ

ድህነትና ሥራ ማጣት እውነት ነው። ቤት ቁጭ ብሎ "አትሂዱ" ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ለወጣቱ ብቻ አልተውም። ባለሀብቶቻችን ሆይ፣ ዘካችሁ አንድን ወጣት በሙያ ማቋቋም ይችላል። ወላጆች ሆይ፣ የጎረቤት ልጅ ሳዑዲ ገብቶ ቤት ሠራ እያላችሁ ልጃችሁን በአንደበታችሁ አትግፉት። ኢማሞችና ዱዓቶች ሆይ፣ የሙሕተሲቡ ቦታ ባዶ ሆኗል፤ ቢያንስ በሚንበር ላይ ቃላችን ይሙላው። የደላላው ገንዘብ ሐራም መሆኑን በግልጽ እንናገር። ለመስጂድ ሲሰጥ ደግሞ አንቀበለው።

አንተ ወንድሜ፣ ያን ምሽት ዱዓ የጠየቅከኝ፣ አድርጌልሃለሁ። ዱዓዬም አላህ በሐላል፣ በሕጋዊ መንገድ ሪዝቅህን እንዲያሰፋልህ፣ ከባሕሩም እንዲያስቀርህ ነው። እስከ ጻፍኩበት ሰዓት ድረስ አልሄደም፤ አልሐምዱሊላህ። ሐሳቡን ግን ጨርሶ አልተወም። ነገ ዙህር ላይ አገኘዋለሁ፤ ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ባለቤት ጋር ሊያነጋግሩት የተስማሙ ሽማግሌ አሉ።

ልጆቹ ያሸነፈችውን ጀልባ እስካሁን በቁርኣን መቅሪያው መስኮት ላይ አስቀምጠዋታል። ውስጧ ላይ አንዱ በእስክሪብቶ መስመር አስምሯል። "ኡስታዝ፣ ከዚህ በላይ አይጫንባትም" ይላል።

ወላሁ አዕለም። ለመሄድ ለሚያስብ የምታውቁት ሰው ካለ ይህን አድርሱለት።